እጅና አእምሮ በአንድ ክፍል

ትምህርት ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ ላይ ፈጥኖ የሚመጣው ደብተር፣ እርሳስና ጥቁር ሰሌዳ ነው። መጋዝ፣ መዶሻና ሜትር የሚያዝበት ቦታ ግን ትምህርት ቤት ሳይሆን የአናጢ ደጃፍ መስሎ ይታያል። ከዚህም የተነሣ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «ሞረድ ምንድን ነው?» ተብሎ በፈተና ቢጠየቅ ትርጉሙን አሳምሮ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ይሁን እንጂ ሞረዱን በእጁ ይዞ የአንድ ብረት ጠርዝ እንኳ ሳያለሰልስ ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወራል። እንዲህ ያለው ተማሪ ስለ ሥራ የተነገረውን ሰምቷል እንጂ ሥራን ተምሯል ለማለት ያስቸግራል።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። ንድፍና ቴክኖሎጂ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ሁሉ፣ ወንድ ሴት፣ ጎበዝ ደካማ ሳይባል፣ በተግባር ሊሰጥ ይገባል። በተግባር የማይሰጥ ከሆነ ግን ስሙ በትምህርት ክፍለ ጊዜው ሰሌዳ ላይ መጻፉ ብቻ ለተማሪውም ሆነ ለአገር የሚያስገኘው ጥቅም እምብዛም ነው።

ለመሆኑ ንድፍና ቴክኖሎጂ ስንል ምን ማለታችን ነው? ዓላማው ተማሪውን በዐሥራ አራት ዓመቱ አናጢ ወይም በያጅ ለማድረግ አይደለም። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ተማሪው በመጀመሪያ በአካባቢው ያለውን አንድ ችግር ያስተውላል፤ ችግሩ የማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ይለካል፤ መፍትሔ ይሆናል ያለውን ሐሳብ በወረቀት ላይ ይነድፋል፤ በእጁ ካሉት ነገሮች የሚስማማውን ይመርጣል፤ ይሠራል፤ የሠራውን ይፈትናል፤ በመጨረሻም ጉድለቱን አግኝቶ ያሻሽላል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ትምህርቱ ይጎድላል። ወደ ሥራ ያልተለወጠ ንድፍ ምኞት ሆኖ ይቀራል፤ ያለ ንድፍ የተጀመረ ሥራም ብዙውን ጊዜ ዕቃ ማባከን ይሆናል።

በቋንቋችን «ነደፈ» የሚለው ግሥ ለጥጥ ሥራም ያገለግላል። ነዳፊው በደጋን እየመታ የተጠቀጠቀውን ጥጥ ያፍታታዋል፤ ፈታይዋም ከዚያ በኋላ እንዝርቷን ታነሣለች። ያልተነደፈ ጥጥ ጥሩ ፈትል አይወጣውም። ንድፍ አውጪም የሚሠራው ሥራ ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። ተጠላልፎ የቀረበለትን ችግር ይበታትናል፤ ክፍል ክፍሉን ለይቶ ይመለከታል፤ እጁን ወደ ሥራ የሚሰደው ከዚያ ወዲያ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። በብዙ ቤት እንጀራ የሚጋገረው በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ነው። እሳቱ በሁሉም በኩል ክፍት በመሆኑ ነፋስ ሙቀቱን ይወስደዋል፤ ጢሱም የጋጋሪዋን ዐይንና ሳንባ ይጎዳል። ይህን ችግር ተመልክተው የአገራችን የኢነርጂ ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ዓ.ም. «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃ ሠሩ። ምድጃው ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ይህን ከመሰለ ነገር በቅርጽ ማውጫ ተሠርቶ እርስ በርሱ የሚገጣጠም ነው፤ ምጣዱን ዙሪያውን ይከባል፤ ከኋላ የሚወጣውም ትኩስ አየር ድስት እንዲያሞቅ ተደርጓል። ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ ወደ ግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል በሙከራ ታይቷል። ይህ ሁሉ የተገኘው እጅግ ውድ በሆነ መሣሪያ አይደለም። እሳቱ ወዴት እንደሚሄድ በማስተዋል፣ በመለካትና ደጋግሞ በመፈተን ነው።

እንግዲህ አንድ የስምንተኛ ክፍል መምህር ይህንኑ ጉዳይ ለተማሪዎቹ ቢያቀርብ ምን ያህል ትምህርት እንደሚገኝበት እናስብ። ተማሪዎቹ የምጣዱን ስፋት ይለካሉ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 188 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆኑን ያሰላሉ፤ ስለዚህ የምድጃው ግድግዳ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ይወስናሉ። መልኩን ከላይ፣ ከፊትና ከጎን ይነድፋሉ። በመጀመሪያ በካርቶን፣ ቀጥሎም ከጭድ ጋር በተለወሰ ጭቃ ይሠሩታል። ከዚያም 10 ኪሎ ግራም እንጨት መዝነው፣ 20 እንጀራ ከተጋገረ በኋላ የተረፈውን እንደ ገና ይመዝናሉ። ይህንኑ በሦስት ጉልቻ ላይ ይደግሙታል። እንጨቱ እኩል የደረቀ፣ ምጣዱም ያው አንዱ ካልሆነ ንጽጽሩ እውነተኛ ፍርድ እንደማይሰጥ የሚረዱት በዚህ ጊዜ ነው። በፊዚክስ ስለ ሙቀት፣ በሒሳብ ስለ ክብ የተማሩት እዚህ ላይ ይገናኛል። ያዩትን በቅደም ተከተል ጽፈው ሲያቀርቡም የአማርኛ ድርሰት ትምህርት ሥራውን ይሠራል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጋጋሪዋን መጠየቅ ነው። ምድጃው እንጨት ቢቆጥብም አፉ ጠብቦ እርሷ የምታገኘውን ማገዶ የማያስገባ ከሆነ ንድፉ አልተሳካም ማለት ነው። ተማሪው በዚህ ጊዜ አንድ ዕቃ ተሠራ የሚባለው የሚጠቀምበት ሰው ሲቀበለው እንደ ሆነ ይገነዘባል። ይህን የመሰለ ትሕትና በቃል ብቻ ለማስተማር አስቸጋሪ ነው።

ንድፍ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የበሬ እርሻ መሣሪያችንን እንመልከት። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ማረሻና ወገል እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ተግባር አላቸው። ገበሬው ሥራውን ሲፈጽም መሣሪያውን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል፤ አንዱ ክፍል ቢሰበርም ያንኑ ብቻ ለውጦ ሌላውን ይጠቀምበታል። በላሊበላ ከሚገኙት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው ቤተ ጊዮርጊስም ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደረ የሚገነባ ሰው ቢሳሳት አፍርሶ ሊያስተካክል ይችላል። ከቋጥኝ የሚፈለፍል ግን አንድ ጊዜ ያነሣውን መልሶ ሊለጥፈው አይችልም። ስለዚህ የመስቀሉ ቅርጽ መሮ ቋጥኙን ከመንካቱ አስቀድሞ በሠሪዎቹ አእምሮ ውስጥ ተጠናቆ መገኘት ነበረበት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጥበብ በነበረበት አገር ሠሪው ለምን ተናቀ? ይህ ጥያቄ ለነገሩ ሥር የቀረበ ነው። የገበሬውን ማረሻ የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ምጣዱንና ድስቱን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂና ልብስ የሚሸምነው ሸማኔ ለብዙ ዘመን በሥራቸው ይሰደቡ ነበር። ቀጥቃጩ «ቡዳ ነው» እየተባለ ይፈራና ይገለል ነበር። በጎንደር አካባቢ በብረትና በሸክላ ሥራ የታወቁት የቤተ እስራኤል ወገኖች ይህን ሁሉ ቀምሰዋል። ሰው ባረሰበት ብረት ያገኘውን እህል በሸክላው ጋግሮ እየበላ ብረቱን የቀጠቀጠውንና ሸክላውን የሠራችውን ያርቅ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ ሙያን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. ማውጣታቸው ልማዱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያስረዳል። ነገር ግን በአዋጅ አንደበት ሊዘጋ ቢችልም የልብን ንቀት ማጥፋት አይቻልም። ንቀት የሚጠፋው የተናቀውን ሥራ ሠርቶ ችግሩንና ጥበቡን በማወቅ ነው።

ጥበብ በትምህርት ቤት ካልተተከለ እንደማይዘልቅም ታሪካችን ይመሰክራል። አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ አስቀርጸው ነበር። የውጭ አገር ሚስዮናውያን የእጅ ባለ ሙያዎችም በዚያ ይሠሩ ነበር። ሆኖም ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ የጋፋት ሥራ አብሮ ቆመ። ሙያው ከጥቂት ሰዎች እጅ ወጥቶ የብዙ ልጆች ዕውቀት ለመሆን አልበቃም ነበርና።

በዘመናዊ ትምህርት ታሪካችንም የእጅ ትምህርት አንድ ጊዜ ሲነሣ አንድ ጊዜ ሲወድቅ ኖሯል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የቴክኒክ ትምህርት ቤት «ተግባረ እድ» ተባለ፤ ትርጉሙ በግእዝ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአንዳንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእጅ ሥራ፣ የቤት አያያዝ፣ የንግድና የእርሻ ትምህርት ከቀለም ትምህርት ጋር ጎን ለጎን ይሰጥ ጀመር። በደርግ ዘመን ትምህርትን ከምርት ሥራ ጋር ለማያያዝ በማሰብ የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት መርሕ ሆነ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ደግሞ የሙያ ሥልጠና ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ወደሚሰጥ የተለየ ዘርፍ ተዛወረ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርት በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ስፍራ ማግኘቱ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ስፍራ ማግኘት ብቻውን አይበቃም። ወርክሾፑ ተቆልፎ፣ መሣሪያው በሥዕል ብቻ እየታየ የሚሰጥ ከሆነ ተማሪው የሚያተርፈው አንድ ተጨማሪ የሚሸመደድ ደብተር ነው።

በሌላ አገር የተደረገውንም መመልከት ይጠቅማል። ፊንላንድ በ1866 እ.ኤ.አ. የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ አስገባች። ለዚህ ብዙ የደከመው ዑኖ ሲግኔዎስ የእጅ ሥራ የሚሰጠው ለአንድ ሙያ ለማሠልጠን ሳይሆን የልጁን አእምሮና ጠባይ ለማነጽ ነው የሚል እምነት ነበረው። እንግሊዝና ዌልስም በ1990 እ.ኤ.አ. ቴክኖሎጂን በብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርታቸው ውስጥ ግዴታ አደረጉ። እንግሊዝ በ2004 እ.ኤ.አ. ግዴታውን ከ14 ዓመት በላይ ላሉት ብታነሣም ከዚያ በታች ላሉት ግን አልተወችውም። ይህም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ከ14 ዓመት በኋላ ተማሪው እንደ ዝንባሌው ሊመርጥ ይችላል፤ ከመምረጡ በፊት ግን ሁሉም ሊቀምሰው ይገባል የሚል ሐሳብ አለበት። ያልቀመሰውን የሚመርጥ ሰው የለምና።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል ናቸው ተብለው የሚታለፉ አይደሉም።

አንደኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። «ለመማሪያ መጽሐፍ ያልበቃ ገንዘብ ለመሣሪያ ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በሞተር የሚሠሩ ማሽኖች ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ይታደሉ ቢባል የሚቻል አይሆንም። ነገር ግን በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልገው ያ አይደለም። 50 ተማሪ ያለበት ክፍል በአምስት በአምስት ቢከፈል 10 ቡድን ይሆናል፤ ለ10 ቡድን 10 ሜትር፣ 10 መጋዝና 10 መዶሻ ይበቃዋል። ጭቃ፣ ቀርከሃ፣ ካርቶን፣ የተጣለ ቆርቆሮና የጠርሙስ ፕላስቲክ በየአካባቢው ይገኛል። ጥቂት ነገር ብቻ ይዞ መነሣት እንዲያውም ንድፍን ያስተምራል፤ ባለው ነገር ብልሃት መፈለግ የዚህ ሙያ ባሕርይ ነውና።

ሁለተኛው የጊዜና የፈተና ጉዳይ ነው። ተግባራዊ ሥራ ጊዜ እንደሚወስድ መካድ አይቻልም፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ ተነድፎ፣ ተሠርቶ፣ ተፈትኖ የሚያልቅ ነገር የለም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ተያይዞ ሊሰጠው ያስፈልጋል። ይህ ጊዜ ከሌሎች ትምህርቶች የተሰረቀ እንዳልሆነ ግን የምድጃው ምሳሌ አሳይቶናል። በሒሳብና በሳይንስ የተማረውን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራበት ተማሪ ለፈተና ሲቀርብ የሚያስታውሰው ነገር አለው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የወላጅ ነው፤ በጥሞናም መሰማት አለበት። «ልጄን ወደ ትምህርት ቤት የላክሁት እኔን ካደከመኝ ዶማና መዶሻ እንዲገላገል ነው» የሚል አባት ወይም እናት ያለ ምክንያት አይናገሩም። የእጅ ትምህርት በፈተና ለወደቁት ብቻ የሚሰጥ፣ ከፍ ያለው መንገድ ለተዘጋባቸው የሚተው ከሆነ የወላጁ ፍርሃት ትክክል ነው። ትምህርቱ በአገራችን ሥር ሳይሰድ ከቀረባቸው ምክንያቶች አንዱም በብዙ ሰው ዐይን እንዲህ ሆኖ መታየቱ ይመስላል። ስለሆነም መድኃኒቱ ትምህርቱን ማስቀረት ሳይሆን ለሁሉም መስጠት ነው። ነገ ሐኪም የሚሆነው ተማሪ የሚታዘዝለት እጅ ያስፈልገዋል። ነገ ዳኛ የምትሆነዋ ተማሪ ስለ ፈረሰ ሕንፃ የቀረበላትን ንድፍ ማንበብ ሊኖርባት ይችላል። ነገ ሹም ሆኖ በሕዝብ ገንዘብ የውኃ ፓምፕ የሚገዛውም ፓምፑ ሲበላሽ በአካባቢው ሊጠገን ይችል እንደ ሆነ አስቀድሞ የመጠየቅ ልምድ ሊኖረው ይገባል።

አራተኛው የአደጋ ስጋት ነው። መጋዝ እጅ ይቆርጣል፤ ምድጃም ያቃጥላል። ይሁን እንጂ ተማሪው እነዚህን ነገሮች በቤቱና በሰፈሩ ያለ አስተማሪ ከሚያውቃቸው ይልቅ በሥርዓት ቢማራቸው ይሻላል። መሣሪያን ወደ ቦታው መመለስ፣ ስለት ያለውን ነገር ወደ ጓደኛ አለማዞር፣ መምህር ሳይፈቅድ ሥራ አለመጀመር የትምህርቱ አካል ናቸው።

ከሁሉም የከበደው ግን የመምህሩ ነገር ነው። ራሱ በንግግር ብቻ የሠለጠነ መምህር በተግባር እንዲያስተምር ማዘዝ ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ በመምህራን ማሠልጠኛ ያሉ እጩ መምህራን ቢያንስ ጥቂት ሥራዎችን ከንድፍ እስከ ሙከራ በእጃቸው ፈጽመው ሊወጡ ይገባል። በየአካባቢው ያሉ አናጢዎች፣ ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ብረት ሠራተኞችም ተገቢው ክፍያ እየተሰጣቸው፣ እንደ መምህር ተከብረው ወደ ክፍል ቢጋበዙ ሁለት ጥቅም ይገኛል። ተማሪዎቹ ዕውቀት ያገኛሉ፤ ሸክላ ሠሪዋም የተናቀ ስሟ በሕፃናት ፊት ሲታደስ ታያለች።

ውጤት አሰጣጡም መለወጥ አለበት። ተማሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት በርጩማ ሠርተው በጣም ያማረው ብቻ ከፍተኛ ነጥብ የሚያገኝ ከሆነ ትምህርቱ ወደ መኮረጅ ይመለሳል፤ ሥራውን በቤት ታላቅ ወንድም የሚሠራለትም አይጠፋም። ከ100 ነጥብ 20ው ችግሩን ለማጥናትና ለመለካት፣ 20ው ለንድፉ፣ 30ው ለሥራው፣ የቀረው 30 ደግሞ ለፈተሻውና ለማሻሻያው ቢሰጥ የተሻለ ይሆናል። ተማሪው የመጀመሪያ ንድፉን ሳይጥል፣ ምን እንደ ለወጠና ለምን እንደ ለወጠ በደብተሩ እየጻፈ ያስቀምጥ። እግሩ የተንጋደደ በርጩማ ሠርቶ ለምን እንደ ተንጋደደ በሚገባ ያስረዳ ተማሪ፣ ያማረ በርጩማ አቅርቦ ምክንያቱን መናገር ካልቻለው ይልቅ ብዙ ተምሯል።

ይህን ጽሑፍ የምታነብቡ ተማሪዎች ምናልባት ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን የላችሁም። ሆኖም ለመጀመር ሥልጣን የማያስፈልገው ሥራ አለ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ጓሮ እግራቸው የተሰበረ፣ መደገፊያቸው የተገነጠለ ዴስኮች ተከምረው ይታያሉ። እነዚያ ዴስኮች ለምን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ እንደሚሰበሩ ጠይቁ። ለኩ፤ ንደፉ፤ ከመምህራችሁ ጋር ተማከሩ፤ አንዱን ጠግናችሁ ለአንድ ወር ያህል ተቀመጡበት፤ እንደ ገና ቢሰበርም ምክንያቱን ጻፉ። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» እንዲሉ፣ የሥራን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ የሠራ ሰው ነው። ያን ጊዜ ስለ ንድፍና ቴክኖሎጂ ትምህርት በሚደረገው ክርክር ውስጥ የእናንተ ቃል ከማንም ያነሰ አይሆንም።